ሞተሩ ያለ ጥፋቱ የሚታማበት የካሴት ቴፕ

የካሴት ቴፕ፣ ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ በየአገሩ የተሠራጨ መሣሪያ ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም ዙሪያ መብራት ባልገባባቸው ቀበሌዎች በባትሪ ድንጋይ እየሠራ ዘፈኑን፣ መንዙማውንና መዝሙሩን፣ እንዲሁም ዓረብ አገር የሄደ ልጅ ቀርጾ የሚልከውን የድምፅ ደብዳቤ ለቤተሰብ ሲያሰማ ኖሯል። ዛሬ ከተቀመጠበት ወርዶ ሲከፈት ድምፁ ይጎትታል ወይም ይሮጣል፤ ጥፋቱም ሳይመረመር ሞተሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲጓዝ የተወሰነ ሲሆን፣ ይህን ፍጥነት የሚወስኑት በመስኮቱ በኩል ሲዞሩ የሚታዩት ሁለቱ ጥቅልሎች ሳይሆኑ፣ ክሩን በመካከላቸው ጨብጠው የሚስቡት ቀጭን የብረት ዘንግና ዘንጉን የሚጫነው ትንሽ የጎማ ተሽከርካሪ ናቸው። ሞተሩ ከዘንጉ ጋር የሚገናኘው በቺንጋ፣ ማለትም በቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ሲሆን፣ ዘንጉ ደግሞ ቮላኖ ከሚባለው ከባድ ክብ ብረት ጋር ስለተያያዘ ዙሩ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተሩ በትክክል እየዞረም ቢሆን ቺንጋው ከላላ፣ ጎማው ከደረቀ ወይም ዘንጉ ከቆሸሸ ድምፁ መዛባቱ አይቀርም።

ጥፋተኛውን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለውና ብዙ ጠጋኝ ችላ የሚለው ዘዴ፣ ካሴቱ ሲጫወት ድምፁ የሚወዛወዝበትን ጊዜ ጆሮን አቅንቶ መቁጠር ነው። የዘንጉ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሴኮንድ ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚዞር፣ የእርሱ መጣመም የሚሰማው እንደ ዝግ ያለ ውዝዋዜ ሳይሆን የዘፋኙን ድምፅ እንደሚያንቀጠቅጥ ፈጣን መርገብገብ ነው። የጎማው ስፋት 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደግሞ በሴኮንድ ከአንድ ዙር ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ መሣሪያው የማጫወቻ ቁልፉ እንደተጫነ ለዓመታት ተረስቶ ጎማው በአንድ ጎኑ ከተደፈጠጠ፣ ረጅም የማሲንቆ ድምፅ ሲመጣ በየሴኮንዱ ገደማ ዝቅ ከፍ ሲል በግልጽ ይሰማል። ውዝዋዜው ከዚህም ዘግይቶ በየሁለትና በየሦስት ሴኮንዱ የሚመጣ ከሆነና ካሴቱ እየገፋ ሲሄድ ክፍተቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በጥቅልሎቹ ወይም በራሱ በካሴቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ጥቅልሉ ሲወፍር ዙሩ ይዘገያል፣ ሲቀጥን ደግሞ ይፈጥናል። ለዚህ ምርመራ ከእጅ ሰዓት በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ድምፁ የካሴቱ ጎን ሲጀምር ደኅና ሆኖ ወደ መጨረሻው የሚጎትት ከሆነ፣ ክሩን የሚለቀው ጥቅልል እየቀጠነ ሲሄድ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል ስለሚጨምር፣ የደረቀው ጎማ ክሩን ጨብጦ መሳብ አቅቶት እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ድምፁ ከመጠን በላይ የሚፈጥን ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ማየት ይገባል፤ ከክሩ የሚራገፈው ቡናማ ዱቄት በ2 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ ዙሪያ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ቢጋገር፣ ፍጥነቱ አንድ በመቶ ይጨምራል። ይህ በጥጥና በአልኮል ተጠርጎ የሚወገድ ነገር ነው። ያረጀ ቺንጋም አንዳንዴ ቀልጦ ቅጥራን መስሎ ስለሚገኝ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባቸው ክቦች ሁሉ መጽዳት አለባቸው።

በደጋ ብርድ ላይ የሚታይ ሌላም ችግር አለ። ያረጀ ግራሶ በብርድ ስለሚጠጥር፣ ጠዋት የሚጎትት ቴፕ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይስተካከላል፤ ባትሪ ድንጋይም ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። ሞተሩ የባትሪው ኃይል ቢቀንስም ዙሩን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚጠብቅለት ተቆጣጣሪ አለው፤ ነገር ግን ኃይሉ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ተቆጣጣሪው አቅም ስለሚያጣ ድምፁ መውደቅ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ሳይታይ በቀጥታ ካቻቢቴ አንሥቶ ከሞተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ የፍጥነቱን ብሎን ማሽከርከር፣ መሣሪያውን ሳይሆን የጠጋኙን ትዕግሥት የሚያሳይ ሥራ ነው። የጎማውን መንሸራተት በብሎን ያካካሰ ሰው፣ ጎማው የተቀየረ ዕለት እንደገና የተዛባ ፍጥነት ይጠብቀዋል። ብሎኑ የሚነካው ጽዳቱና ቅያሬው ካለቀ፣ መሣሪያውም ከሞቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የነበረበት ቦታ በቅድሚያ ምልክት ተደርጎበት በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል። ለማመሳከሪያ ርዝመቱ በትክክል የታወቀ ዘፈን ይበቃል፤ 300 ሴኮንድ መውሰድ ያለበት ዘፈን 309 ሴኮንድ ከወሰደ መሣሪያው ሦስት በመቶ ያህል ዘግይቷል።

«ቅኝቱን አበላሸው» የሚለው የተለመደ ቅሬታም መታረም አለበት። ስማቸው ከወሎ ምድር ጋር የተያያዘው አምባሰልና ባቲ፣ ቴፑ ወጥ በሆነ ፍጥነት ቢሮጥም ቢጎትትም ያው አምባሰልና ባቲ ናቸው፤ ምክንያቱም ድምፆቹ ሁሉ በእኩል መጠን ስለሚነሡና ስለሚወርዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይናወጥም። ስድስት በመቶ የፈጠነ ቴፕ ዘፈኑን በግማሽ ድምፅ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ከእርሱ ጋር የሚጫወት ባለማሲንቆ ጭራውን እንደገና መቃኘት ግድ ይለዋል እንጂ ቅኝቱ አልተለወጠም። ቅኝትን በእውነት የሚያናጋው የማያቋርጠው ውዝዋዜ ነው።

በመጨረሻ የሚጠረጠረው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ቀረጻው ራሱ ነው። በደከመ ባትሪ የተቀረጸ የድምፅ ደብዳቤ በደኅና ቴፕ ሲጫወት የእናትን ድምፅ የልጅ ድምፅ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ሌላ ካሴት አስገብቶ ሳያወዳድሩ በመሣሪያው ላይ መፍረድ አይገባም። ቀረጻው በመብራት የተካሄደ ከሆነ ከሥሩ የሚሰማው እምምታ ይረዳል፤ የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ዑደት ስላለው፣ ፍጥነቱ በተረጋገጠ ቴፕ ላይ እምምታው 51.5 ሆኖ ከተለካ ቀረጻው የተካሄደው ሦስት በመቶ ያህል በዘገየ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው ካሴት ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ፣ የቴፑ ብሎን ሳይነካ የተገለበጠው ድምፅ በዚያው መጠን እንዲዘገይ ይደረጋል።