ከሱቁ ፍርግርግ ወጥቶ ወደ ደርባን ባሕር

በደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሎኬሽን (የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ደርባን ወርዶ በባሕሩ ዳር በእግሩ መሄድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ትርፍ ገንዘብ ላለው ሰው ብቻ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ለዳቦ ደንበኛ የሚነሳው፣ እስከ ማታ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ የሚውለው፣ ከሱቁ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚያድረው ሰው ነው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው። ዓይኑ ከመንገድ ማዶ ካለው ቆርቆሮ ቤት አልፎ ሳያይ ወራት ይነጉዳሉ።

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እኛ ያለንባት ኦሬንጅ ፋርም ከመሃል ከተማው ወደ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ባሕር ያማረው ሰው ኤን 3 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዞ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደርባን መውረድ ይኖርበታል፤ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሃሪስሚዝ አልፎ ቫን ሪነን የሚባለው ቦታ ሲደርስ ምድሩ ቁልቁል ይሰበራል። ጉም ይበዛበታል፣ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው፤ የአባይን በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ጥንቃቄውን ያውቀዋል። መኪና የሌለው ከጆሃንስበርጉ ፓርክ ስቴሽን የማታ አውቶቡስ ይሳፈር። እኔም የማታውን እመርጣለሁ። ደርባን ፊቷ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ማለዳ ለደረሰ ሰው ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ስትወጣ ትታያለች።

ዲሴምበርን ተዉት። የሱቅ ዋና ገበያ በዚያ ወር ነው፤ ባሕሩም ዳር መርገጫ አይገኝም። ሕፃናት በሕዝብ መሃል እንዳይጠፉ የወላጅ ስልክ የተጻፈበት አምባር እጃቸው ላይ የሚታሰርበት ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ ደንበኛው ኪሱ ባዶ ሆኖ ሱቁ ጭር ሲል፣ ለሼር (ለሱቁ ሸሪክ) አደራ ብሎ መውጣት ይቀላል። ከሁሉ የምወደው ግን ጁንና ጁላይን ነው። ኦሬንጅ ፋርም በሌሊት ውርጭ ስትቆራመድ ደርባን ፀሐይ ነች፤ የባሕሩ ውሃ ራሱ ከ20 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። ይህን የሚያደርገው አጉልሃስ የሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ነው። በሞዛምቢክ በኩል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ብዙዎቻችን ተደብቀን በመጣንበት አቅጣጫ ማለት ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጠን ስንመጣ ባሕሩን ቀና ብለን ያየን ጥቂቶች ነን።

ለእግር ጉዞ ከብሉ ላጉን ጀምሩ። ኡምጌኒ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ወደቡ አፍ ድረስ መኪና የማይገባበት፣ ሜዳና ንጣፍ የሆነ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የእግረኛ መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደቡባዊው ጫፍ ተሠርቶ ሲያበቃ አንድ ወጥ ሆነ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ወጥቷል። በዶቃና በቀንድ ያጌጠ ትልቅ ቆብ የደፉ የሪክሾ ጎታቾችም ከመሃል ዳርቻው አይጠፉም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ግን የመንገዱ መጨረሻ ነው። ኮንቴይነር እስከ ላይ የተደረደረባቸው መርከቦች ስማቸው እስኪነበብ ድረስ በአጠገባችሁ ያልፋሉ። ጆሃንስበርግ ጄፒ ገበያ ላይ ከምንገዛው ብርድ ልብስ፣ ጫማና አንሶላ ብዙው አገር ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ እኛ ቁልቁል በወረድንበት ኤን 3 ላይ በጭነት መኪና ሽቅብ ይወጣል። የዕለት እንጀራዬ የሚገባበትን በር በዓይኔ ማየቴ ለሥራዬ ያለኝን አክብሮት ጨምሮልኛል።

ይህ ዳርቻ ጥቁር ሰው እንዳይገባበት የተከለከለበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ሕግ የሕዝብ መገልገያዎች በዘር እንዲለዩ ፈቀደ፤ ለነጮች ብቻ የሚል ሰሌዳ አሸዋው ላይ ተተከለ። በኦገስት 1989 ሊቀ ጳጳስ ዴዝመንድ ቱቱ በኬፕ ታውን አቅራቢያ ወደነበረ የነጮች ዳርቻ ክልከላውን ተቃውመው ከሕዝብ ጋር ሄዱ። ሕጉ የተሻረው በ1990 ነው። ከሱቄ ስኳር የሚገዙ አንዲት ጎጎ (አያት) በወጣትነታቸው ደርባን ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ያሰሪዎቻቸውን ልጆች እስከ አሸዋው ያደርሱ እንደነበር፣ እግራቸውን ግን እንዳላራሱ አጫውተውኛል። ዛሬ ማንም ሳይከፍል ይገባል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ውሃው አጥብቄ የምናገረው አለኝ። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፣ ዋና አናውቅም። ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይለኛ ጅረት አለ። ነፍስ አድን ዋናተኞች በተከሏቸው ባንዲራዎች መካከል ብቻ ግቡ፤ እነሱ በሌሉበት ሰዓት አትግቡ። ውሃው ከወሰዳችሁ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፤ እጃችሁን አንሱና ጩኹ፣ የሚችል ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝ። ሻርክን በተመለከተ ከ1952 ጀምሮ መረብ ተጥሏል፤ ባሕሩን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ አጥር ግን አይደለም። ሌላው የፍሳሽ ጉዳይ ነው። በኤፕሪል 2022 ከ400 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የከተማዋን የፍሳሽ መስመር ስለሰባበረ፣ ዳርቻዎች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። መዘጋቱን የሚገልጽ ሰሌዳ ካያችሁ በእግር መሄዱ ይበቃል።

ወረቀታችሁን ከጆሃንስበርግ ስትነሱ ያዙ፤ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። አንድ ቀን የተረፈው ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ኡምላንጋን ይጨምር፤ በ1954 የተሠራው ቀይና ነጭ የመብራት ማማ ሥር የሚያልፈው መንገድ አጭርና ንጹሕ ነው።

ስትመለሱ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙሶች ያስፈልጓችኋል። ባሕር መሄዴን የሰሙ ጎረቤቶቼ «ማይ ፍሬንድ፣ የባሕር ውሃ አምጣልኝ» ይሉኛል፤ ለጸሎት የሚፈልገው አለ፣ ለባሕል መድኃኒት የሚፈልገውም አለ። ከወንዙ አፍ ርቃችሁ ከንጹሑ ሞገድ ቅዱ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ጠርሙሱም ላይ የባለቤቱን ስም ጻፉበት፤ ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው ውሃ ጋር እንዳይቀላቀል።