የድኽነት ልክና የባለሱቅ ዋጋ

ድኻው ማን እንደ ሆነ ለመንደሩ ሰው አይጠፋውም። ባለሱቁም የማንን ስም በዱቤ መዝገብ ላይ ሳያመነታ እንደሚጽፍ፥ የማንንም ስም ለመጻፍ እንደሚያቅማማ ያውቃል። ነገር ግን በአንድ አገር ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶው ስንቱ ድኻ ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ይህ የጎረቤት ዕውቀት አይበቃም፤ ለሁሉ አንድ የሆነ መለኪያ ማቆም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ መለኪያ የቆመው በገበያ ዋጋ ላይ ስለ ሆነ አሠራሩን ማወቅ ለነጋዴው ባዕድ ነገር አይደለም።

መነሻው የ1988 ዓ.ም. የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት ነው። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ኑሮው ዝቅ ያለው ግማሽ እጅ የሚመገበው እህል፥ ጥራጥሬ፥ ዘይትና የቀረውም ሁሉ ተመርምሮ፥ ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ እንዲሰጥ ሆኖ ተመጠነ። ይህ ምግብ በገበያው ዋጋ ሲታሰብ በዓመት 648 ብር ሆነ። ከዚያም ለልብስ፥ ለቤት፥ ለሳሙና፥ ለመብራትና ለመድኃኒት የሚያስፈልገው ተጨምሮ ጠቅላላው 1,075 ብር ተባለ። የአንድ ዐዋቂ ፍጆታ በዋጋ ተገምቶ ከዚህ በታች ከሆነ ሰውየው ከድኾች ወገን ይቈጠራል።

ይህን ቍጥር ለሚመለከት ባለሱቅ ትልቁ ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ1,075 ላይ 648 ሲቀነስ 427 ብር ይቀራል፤ ለዐሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 36 ብር እንኳ አይሞላም። ጨርቅ፥ ጫማ፥ ሳሙና፥ ላምባና ደብተር የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ፥ የቤት ኪራይ ተቀባዩም ጭምር፥ የሚሻማው በዚህችው ገንዘብ ነበር። የእህል ዋጋ በተወደደ ቍጥር የጨርቁ ገበያ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

የምግቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ያው ሆኖ ሲቈይ፥ የሚለወጠው ዋጋው ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወሰኑ 7,184 ብር ደረሰ፤ ከዚህም ውስጥ የምግቡ 3,772 ብር ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከመቶ 45.5 የነበረው የድኻ ቍጥር በ2003 ዓ.ም. 29.6፥ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 ሆኗል፤ በዚሁ በመጨረሻው ጥናት በከተማ 14.8፥ በገጠር 25.6 ነው።

እንግዲህ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ብዙው ባለሱቅ ግን የግብር ሰው መጣብኝ ብሎ ይጠረጥርና ዋጋውን አሳንሶ ይናገራል፤ ወይም የሚሸጠውን ትቶ በተመን የተጻፈውን ያነብለታል። ጥርጣሬው ከምንም የመጣ አይደለም፥ ጕዳቱ ግን በማያውቀው ሰው ላይ ይወድቃል። ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚኖረው ቤተሰብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ የጥቂት ብር ስሕተት ብዙውን ሰው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራል። የመስፈሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። ሽንኩርት በመደብ፥ በርበሬ በሲኒ፥ እህል በጣሳና በቁና ይሸጣል፤ የአንዱ ገበያ ጣሳ ከሌላው ገበያ ጣሳ ጋር እኩል አይደለም። በግራም ካልተመዘነ ዋጋው ትክክል ቢነገር እንኳ ስሌቱ ይበላሻል።

አስመጪዎች ደግሞ የሚሳሳቱት በሌላ በኩል ነው። የዓለም ባንክ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የከፋ ድኽነት ወሰን ያደረገው በቀን 3 ዶላር ነው፤ ቀድሞ 2.15 ነበር። ዶላር በእጁ የሚያልፍ ሰው ይህን እንደ ሰማ በባንክ ምንዛሪ ማባዛት ይቀናዋል። ይህ ዶላር ግን በባንክ የሚመነዘረው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓመት በአሜሪካ 3 ዶላር ይገዛ የነበረውን ያህል ዕቃ በየአገሩ ለመግዛት የሚበቃውን ገንዘብ የሚያመለክት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ምንዛሪ ለሚያባዛ ሰው የድኽነቱ ወሰን በዚያው ጊዜ ወደ እጥፍ የተጠጋ ይመስለዋል፤ የጤፍ ዋጋ ግን በእነዚያ ሳምንታት እጥፍ አልሆነም።