ከሽንት ጋር የሚሄደው ማስረጃ

የጉጂው የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ይህን ያህል ሰው «ታመምን፣ ልጆቻችን አካላቸው ተጎድቶ ተወለዱ» እያለ ነገሩ ለምን በፍርድ ቤት አይቋጭም? ብዙዎች ሕጉን ይወቅሳሉ።

ሕጉ ግን እንደሚታማው አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር ተጠቅሞ ወይም አከማችቶ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይገኝበትም ኃላፊ ነው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ማንም ሰው አቤት እንዲል ፈቅዷል።

ከሳሹ የሚወድቀው ዳኛው «በሽታው ከማዕድኑ ለመምጣቱ ማስረጃህ ምንድን ነው?» ሲሉት ነው። እዚህ ላይ ከጠበቃና ከገንዘብ እጦት ይልቅ ክፉኛ የሚጎዳው የገዛ ገላው ይመስለኛል። አርሰኒክን እንውሰድ። ከደም በሰዓታት፣ ከሽንት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ፀጉርና ጥፍር ለወራት ይይዙታል፤ እነሱም ይቆረጣሉ። ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ መርዙ ሄዶ በሽታው ብቻ ቀርቷል። በጊዜው ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢሆን እንኳ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው «የቆዳ በሽታ» ነው፤ ቅባት ይታዘዝለታል፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ናሙና በወቅቱ መውሰድ የሚችለው መንግሥት ወይም ማዕድኑን የሚያወጣው ኩባንያ ነው። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ መታደሱ ተቃውሞ ሲቀሰቅስ መንግሥት ሥራውን አግዶ ጥናት አስጠና። ኩባንያው የነዋሪዎቹን ውንጀላ ሲያስተባብል ቆየ፤ ማዕድኑም በ2013 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ግን ጥናቶቹ ለሕዝብ ይፋ አለመደረጋቸውን ነቅፏል። ስለ ነዋሪው ጤና የተጻፈ ወረቀት ነዋሪው ካላየው፣ ችሎት ፊት ምን ይዞ ይቁም? ጥናቱ የተጠናው ለማን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ይርጋው ይቆጥራል። አንቀጽ 2143 ተጎጂው ጉዳት ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል። ድንጋይ ወድቆበት እግሩ ለተሰበረ ሰው ቀኑ ግልጽ ነው። ለዓመታት ከማዕድኑ አጠገብ ካለ ወንዝ ስትጠጣ ኖራ ሕመሟ ቀስ በቀስ ለበረታባት ሴት ግን ሁለቱ ዓመታት ከየትኛው ቀን እንደሚጀምሩ አንቀጹ አይነግራትም፤ የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያ መቃወሚያም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ይነሳል።