የአንድ ቀን የእግር ጉዞ በእንጦጦ ተራራ

የሰው አካል የተሠራው ለመንቀሳቀስ መሆኑ የታወቀ ነው። አባቶቻችን ከአገር ወደ አገር በእግራቸው ወይም በበቅሎ ይጓዙ ስለ ነበረ፣ እንቅስቃሴን ለብቻው እንደሚፈለግ መድኃኒት የሚቈጥር አልነበረም። በዛሬው የከተማ ኑሮ ግን ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ መዘዋወር የብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል። ከዚህ ልማድ ጋር የሚዛመዱት የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም እንደ ወባ ወይም እንደ ተስቦ በትኩሳት ራሳቸውን አይገልጡም። ለብዙ ዓመታት በዝምታ ቆይተው፣ ሰው ሙያው በበሰለበትና ልጆቹን በሚያሳድግበት ዕድሜ ላይ በድንገት ይጥሉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ማለት ነው። ምናልባት መምህራን፣ «እኛ ቀኑን ሙሉ ቆመን እንውላለን፤ ይህ አይበቃምን?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ቆሞ መዋልና መሄድ አንድ አይደሉም። ሰው ቆሞ ሲውል ደም በእግሩ ሥሮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲሄድ ግን የባቱ ሥጋ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል። የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለሥራው ይወስዳል። ልብም አዘውትሮ ሲለማመድ በአንድ ምት ብዙ ደም ለመርጨት ይችላል።

ለዚህ ልማድ መጀመሪያ የሚሆን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። የአዲስ አበባ ነዋሪዎች እንጦጦን የመሰለ ተራራ በደጃቸው አላቸው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው ዳገት ለእግርም ለአእምሮም ትምህርት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከተማው ከተራራው ወደ ሜዳው የወረደበት ታሪክም ከጤና ጋር የተያያዘ ነው፤ ተራራው ብርድ የበዛበትና ማገዶ ያነሰው ሲሆን፣ ከታች ግን ሰው የሚታጠብበት ፍል ውኃ ነበረ። ዛሬ ተራራውን የሸፈነውን፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነውን ባሕር ዛፍም በዚያው በምኒልክ ዘመን ያስተከለው የማገዶ ችግር ነው።

ጉዞው ከጧቱ 1 ሰዓት ቢጀመር መልካም ነው። የከተማው መካከል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በዳገቱ መጀመሪያ የሚሮጥ ሰው ፈጥኖ ይደክማል። ትክክለኛውን እርምጃ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየሄዱ መነጋገር ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ፣ እርምጃው ልከኛ ነው። ቃል ለማውጣት ትንፋሽ ካጠረ ዝግ ማለት ይገባል። እንቁላልም ቢሆን ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላልና።

በዚህ ዳገት ላይ ማገዶ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ ሴቶች ይገጥሙናል። እኛ ለጤና የምንወጣውን መንገድ እነርሱ ለዕለት እንጀራ ይወርዱታል፤ መሄድ ጤና የሚሆነው ሸክሙ ልክ ሲኖረውና ዕረፍት ሲገኝለት መሆኑንም ያስታውሱናል። ስለዚህ ጠባቡን መንገድ ቀድሞ መልቀቅ የሚገባው ባዶ እጁን የሚሄደው ሰው ነው።

ከተራራው ራስ ላይ ሲደረስ ዐረፍ ብሎ ሁለቱን ወገን መመልከት ይገባል። በስተ ደቡብ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ገብቶ በአፋር ምድር ይቀራል፤ በስተ ሰሜን የወረደው ግን በሱሉልታ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ለተማሪዎች ከዚህ የበለጠ የጂኦግራፊ ክፍል ከየት ይገኛል? የቀበናም ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ ተራራ ነው። ስለዚህ በምንጭ አጠገብ የሚጸዳዳ ወይም ቆሻሻ የሚጥል ሰው፣ በታች ያለውን የባልንጀራውን ውኃ ይበክላል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ስፍራ ከውኃ ርቆ፣ ጉድጓድ ምሶ መቅበርና እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

ለመንገዱ የሚከተሉትን ማሰናዳት ይገባል።

1ኛ. ውኃ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያህል ከቤት ይያዝ። የምንጭ ውኃ ጥሩ ቢመስልም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በደጋ አገር ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ስለ ሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል።

2ኛ. ስንቅ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ሙዝ ሳይበላሹ ይውላሉ።

3ኛ. ጫማ፤ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉን የሚጠቅሱ አሉ፤ ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው። እግርን የለመደ ጫማና ንጹሕ ካልሲ ውኃ ከመቋጠር ያድናሉ።

4ኛ. ባርኔጣና ሹራብ፤ በከፍታ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ጥላው ግን ይበርዳል።

5ኛ. ጓደኛ፤ ብቻን አለመሄድና ሳይመሽ መመለስ ይገባል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።

በቁልቁለቱ ጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ስለሚጎዳ፣ አጭር እርምጃ መርገጥ ይሻላል። ማታ እግርን አጥቦ በጣቶች መካከል ጭምር ማድረቅ አይዘንጋ። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ደረቱን የጨነቀውም ወዲያው ጉዞውን አቋርጦ ወደ ሕክምና ይሂድ።

አንድ ቀን ብቻ ደክሞ ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ግን ፍሬ የለውም። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ከነገ ጧት ጀምረው በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት እንዲሄዱ፣ ከአንድ ወር ልምምድ በኋላም ቤተሰባቸውን አስከትለው ይህን ተራራ እንዲወጡ እንመክራለን። መምህራንም መንገዱን አስቀድመው ካዩ በኋላ ተማሪዎቻቸውን ይምሩ፤ በልጅነቱ መሄድን የለመደ ሰው በሽምግልናው ምርኩዝ ቶሎ አይፈልግምና።