እንሰሳ ኮቴ፣ የዱር አራዊት መጠለያ

ወይፈን እርሻ የሚለምደው እንዴት ነው? ከነባር በሬ ጋር ተጠምዶ አይደለም እንዴ? ሁለት ያልለመዱ ወይፈኖች አንድ ላይ ቢጠመዱ ትልሙ ይጣመማል። የዱር አውሬም እንደዚሁ አስተማሪ ያስፈልገዋል። አስተማሪው እናቱ ናት።

አቦሸማኔን እንውሰድ። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ስታደባ ያያል፤ ስትሮጥ ይከተላል። ምን ማደን፣ ከምን መሸሽ እንዳለበት የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ ግልገሉን ሰው ቢወስደውስ? በአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል ግልገሎች ይያዛሉ። በድብቅ ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገሮች ይሸጣሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ከነጋዴ እጅ የዳኑት ግን ማረፊያ ይፈልጋሉ።

እንሰሳ ኮቴ እንዲህ ያለ ማረፊያ ነው። የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሆለታ አካባቢ ነው። ስፋቱ 77 ሄክታር ነው፤ በድሮው አለካክ ሁለት ጋሻ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ የተባለ የአራዊት ጥበቃ ድርጅት ነው። አንበሳ፣ አቦሸማኔ፣ ጦጣና ኤሊ ይጠለሉበታል። ዶሎ የሚባል አንበሳ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት አንገቱ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነበር። ሰንሰለቱም ጎፈሩን ጨርሶት ነበር።

ቦታው ለሰውም ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎችና ሌሎች ጎብኚዎች አራዊቱን ያያሉ፤ እንዴት እንደመጡም ይነገራቸዋል። በዱር መኖር የሚችለው አውሬ ታክሞ ይለቀቃል። የማይችለው ዕድሜውን በአጥር ውስጥ ይጨርሳል። ከሰው እጅ እየበላ ያደገ አቦሸማኔ ማደን አያውቅም፤ ሰውንም አይፈራም። ቢለቀቅ ወይ በረሃብ ይሞታል፣ ወይ ወደ ፍየል መንጋ ይመጣል።

«አውሬ ፍየሌን እየፈጀ ለሱ አጥርና ሥጋ ለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍየል የገበሬ ሀብት ናት። ነገር ግን ግልገል መውሰድ ፍየል አያድንም። እናቱ ያስተማረችው አቦሸማኔ ሚዳቋና ጥንቸል ያድናል፤ ሰውንም ይሸሻል።

ስለዚህ ብቻውን የተኛ ግልገል ስታዩ የተጣለ አይምሰላችሁ። እናቱ ለአደን ሄዳ ይሆናል። አትንኩት፤ ከቦታው ራቁ። እረኞች ልጆቻችሁንም ምከሩ። ግልገል ይዞ የሚሸጥ ሰው ካያችሁ ለቀበሌ አመልክቱ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

መጠለያ የተረፈውን ያኖራል። የእናትን ትምህርት ግን አይተካም።