ቲቪው ሰውን ለምን ያወፍራል? ስለ ኢንች፣ ስለ ስክሪን ቅርፅና ስለ ጥቁሩ ባዶ ቦታ

አዲስ ፍላት ስክሪን ላይ የድሮ ድራማ ስታዩ ተዋናዮቹ ሁሉ ወፍረው፣ የመኪናው ጎማም ሞላላ ሆኖ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ወይስ ኳስ እያያችሁ ጥግ ላይ ያለው ውጤት ግማሹ ተቆርጦ? ብዙ ሰው «ቲቪው ተበላሽቷል» ወይም «ጣቢያው ነው እንዲህ የሚያደርገው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ነገሩ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው፤ አንድን ምስል ቅርፁ በማይመስለው ስክሪን ውስጥ የማስገባት ጉዳይ። በየቤቱ «አንተ ታውቃለህ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» እየተባለ ሪሞቱ የሚሰጠው ለእናንተ ስለሆነ፣ እስቲ ከግዢው ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ኢንቹ የሚነግረንና የማይነግረን

«32 ኢንች» ሲባል የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ድረስ ያለው ሰያፍ ርዝመት ነው። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 32 ኢንች 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ግን ይህ ቁጥር ስለ ወርዱም ሆነ ስለ ቁመቱ ለብቻው ምንም አይነግረንም። ሰያፉ ሳይለወጥ ቅርፁ ሊለወጥ ይችላል።

የድሮው፣ ወደ ኋላ ወጣ ያለው ቲቪ ወርዱና ቁመቱ 4 ለ 3 ነበር። ማለትም ወርዱን 4 ቦታ ብትከፍሉት ቁመቱ 3ቱን ያክላል። የዛሬው ፍላት ስክሪን ደግሞ 16 ለ 9 ነው። ይህ የወርድና የቁመት ውድር በቲቪው ሜኑ ላይ «አስፔክት ሬሾ» ተብሎ የሚመጣው ነው። በትምህርት ቤት የተማራችሁትን የፓይታጎረስን ቀመር አውጡና አስሉት፦ 32 ኢንች የሆነ 4 ለ 3 ስክሪን ወርዱ 65፣ ቁመቱ 48.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ16 ለ 9 ግን ወርዱ 70.8፣ ቁመቱ 39.8 ነው። ሁለቱን አባዙና አወዳድሩ። አዲሱ በኢንች እኩል ሆኖ ሳለ የገፁ ስፋት በ11 በመቶ ያንሳል፤ ቁመቱ ደግሞ 9 ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። «ኢንቹ ያው ነው፣ ግን አነሰብኝ» የሚል ሰው እውነቱን ነው ማለት ነው። የድሮውን ቁመት ለማግኘት የድሮውን ኢንች በ1.22 አባዙት፤ 32 የነበረው 39 ገደማ ይመጣል።

4ኬ ያስፈልገኛል ወይ?

ይህን የሚወስነው ከዋጋው በፊት የምትቀመጡበት ርቀት ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው አንግል ከአንድ ዲግሪ 60ኛ ገደማ ሳያንስ ነው። ከዚህ ተነስተን ብናሰላ፣ ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ያሉት ፒክስሎች ከስክሪኑ ቁመት 3.2 እጥፍ ርቀት በላይ ለዓይን አይለዩም። ባለ 43 ኢንች ቲቪ ቁመቱ 53.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይህ ርቀት 1.7 ሜትር ነው። ሶፋችሁ 3 ሜትር ላይ ከሆነ፣ በዚህ መጠን 4ኬ የጨመራቸውን ፒክስሎች ዓይናችሁ አያያቸውም። ባለ 4ኬው በቀለም ወይም በብርሃን ሊበልጥ ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በሜትር ሁለት ነገር ለኩ፦ ቲቪው የሚቀመጥበትን ቦታ ወርድና ከሶፋው ያለውን ርቀት።

ሁለቱ ቅርፆች ከየት መጡ?

4 ለ 3 የመጣው ከሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በቶማስ ኤዲሰን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ዲክሰን ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የመረጠው ቅርፅ ነበር፤ ቴሌቪዥንም ሲመጣ ይህንኑ ወረሰ። ቲቪ በየቤቱ ሲገባ፣ ሲኒማ ቤቶች ተመልካቹን ለመመለስ በ1950ዎቹ ስክሪናቸውን በጣም ሰፊ አደረጉት። እንግዲህ ዓለም ሁለት ዓይነት ምስል ኖራት። በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የተለያዩትን ቅርፆች በወረቀት ላይ ደራርቦ ሁሉንም በደንብ የሚያስተናግድ አንድ ቅርፅ ፈለገ። 1.33ን (4 ለ 3 ማለት ነው) በ2.35 (ሰፊው የሲኒማ ቅርፅ) አባዝታችሁ ካሬ ሥሩን ብታወጡ 1.77 ታገኛላችሁ። 16ን ለ9 ስታካፍሉም 1.78 ይመጣል። የዛሬው ስክሪናችን የአስታራቂ ሽማግሌ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ማንንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም፣ ማንንም ግን ብዙ አልጎዳም።

የማይገጥም ምስል ሲመጣ

4 ለ 3 ምስል 16 ለ 9 ስክሪን ላይ ሲመጣ ቲቪው ሦስት ዋና ዋና ምርጫዎች አሉት።

አንደኛ፣ ምስሉን እንዳለ አስቀምጦ ግራና ቀኙን ጥቁር መተው። የስክሪኑ 25 በመቶ ባዶ ይሆናል፤ ከምስሉ ግን ምንም አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ወርዱን ብቻ መለጠጥ። ስክሪኑ ይሞላል፣ ግን ሁሉም ነገር ወደ ጎን በ33 በመቶ ይሰፋል። የተዋናዮቹ ውፍረት ከዚህ ነው የመጣው።

ሦስተኛ፣ «ዙም» ማድረግ። ቅርፁ አይበላሽም፤ ነገር ግን ከላይ 12.5፣ ከታች 12.5 በመቶ ይቆረጣል። ታች የሚጻፈው ትርጉምና ዜና፣ ላይ ያለው የኳስ ውጤት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ስክሪኑን ከፍዬበታለሁ፣ ለምን ባዶ ይቀራል?» ብሎ ሁለተኛውን ይመርጣል። ግን አስቡት፤ ጥቁሩ ቦታ ከምስሉ የተወሰደ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ ካሜራው ያልቀረፀው ቦታ ነው። ስልክን አቁሞ የተቀረፀ ቪዲዮ በቲቪ ሲታይ የስክሪኑን ሲሶ እንኳ የማይሞላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሪሲቨሩን አትርሱ

ዲሽ ያለበት ቤት ውስጥ ምስሉን የሚያስተካክሉት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፦ ሪሲቨሩና ቲቪው። በእኛ አካባቢ በስታንዳርድ ጥራት የሚላክ ምስል ብዙ ጊዜ 720 በ576 ፒክስል ነው። የሚገርመው፣ ይኸው መጠን ለ4 ለ 3ም ለ16 ለ 9ም ያገለግላል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው አብሮ የሚላክ ትንሽ ምልክት ነው። ሪሲቨሩ 4:3 ላይ ተሞልቶ ከቀረ፣ ሰፊውን ምስል ከላይና ከታች ጥቁር አድርጎ ያጠበዋል፤ ቲቪው ደግሞ ያንኑ ተቀብሎ ግራና ቀኙን ያጠቁራል። ምስሉ በአራቱም በኩል ጥቁር ተከቦ የስክሪኑን 56 በመቶ ብቻ ይይዛል። መፍትሔው ሪሲቨሩን 16:9፣ ቲቪውን «ኦሪጅናል» ወይም «ኦቶ» ላይ ማድረግ ነው። አሁንም ጠርዝ ከተቆረጠ፣ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ፈልጉ።

የሳህን ሙከራ

በዓይን ከመገመት ለኩት። አንድ ሳህን ፊት ለፊት በስልክ ፎቶ አንሱና በፍላሽ ቲቪው ላይ ክፈቱት። የሳህኑን ወርድና ቁመት ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ለኩ። እኩል ከሆኑ ጥሩ ነው። ወርዱ 40፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ግን ቲቪው እየለጠጠ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የሚፈትነው የፍላሹን መንገድ ብቻ ነው፤ ለሪሲቨሩ ጣቢያ ላይ ክብ ሰዓት ወይም ክብ አርማ ፈልጉና እንደዚሁ ለኩ። ሱቅ ስትሄዱም ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ የሚታየው ቪዲዮ ስክሪኑን አሳምሮ ለማሳየት የተመረጠ ነው፤ እናንተ ግን ቤታችሁ የምታዩትን ነው ማየት ያለባችሁ።

በሪሞት የማይመለሰው ስህተት

እስካሁን ያየነው ሁሉ በሪሞት ይስተካከላል። የማይስተካከል አንድ አለ። የወላጆቻችሁን የሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኮምፒውተር ስታስገለብጡ፣ ገልባጩ «ስክሪኑን ይሙላ» ብሎ ከቆረጠው፣ ከላይና ከታች የነበረው ሩብ ምስል ከፋይሉ ወጥቷል። ከለጠጠውም በኤዲቲንግ ካልተስተካከለ በቀር የሙሽሮቹ ፊት በሄደበት ሁሉ ሰፍቶ ይኖራል። ካሴቱ ደግሞ በየዓመቱ ያረጃል። ስለዚህ «በ4 ለ 3 እንዳለ ገልብጥልኝ፣ ጥቁሩ ይሁን ግዴለም» በሉ። ሥራው ሲያልቅም ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት ፋይሉን ክፈቱና ከድግሱ ላይ አንድ ትሪ ፈልጉ። ከላይ ቀጥታ የታየ ትሪ ክብ መሆን አለበት።