ቆሞ ለሚያድር መኪና ካሜራ መምረጥ፦ ዳሽካም ከ2013 ወዲህ

ባለፈው መኸር አንድ ወዳጄ ሰው የሚያድርበትን ካምፐር ቫኑን ይዞ ቤቴ መጣ። ከባለቤቱ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ሸናንዶአ ተራሮች ሥር ሁለት ሌሊት አድረው መመለሳቸው ነበር። የኋላው ፓራውልት ተጨፍልቋል። በሁለተኛው ቀን ቫኑን አቁመው በእግራቸው ተራራ ሲወጡ አንዱ ገጭቶ ሄዷል። «ካሜራ አለኝ ብዬ እኮ ልቤን ጥዬ ነው የሄድኩት» አለኝ። ከፊትም ከኋላም ካሜራ ነበረው።

ካርዱን አውጥተን ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። የግጭቱ ሰዓት የለም። የተቆለፉ ፋይሎች ግን ሞልተውታል። አንዱን ከፈትን፤ ጨለማ። ሌላውን ከፈትን፤ ጨለማና የዛፍ ቅርንጫፍ። ሰዓታቸውን ስናይ ሁሉም እኩለ ሌሊትና ንጋት መካከል የተቀረጹ ናቸው። ያኔ ገባን። ባልና ሚስት አልጋቸው ላይ በተገላበጡ ቁጥር ቫኑ በባሌስትራው ላይ ይወዛወዛል፤ ካሜራው ግጭት ይመስለውና የያዘውን ፋይል ይቆልፋል። የእሱ ካሜራ የቆለፈውን ፋይል ራሱ አያጠፋም። ካርዱ ሞላ፤ እውነተኛው ግጭት ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ሰው በማመላለስ ስሠራ ዓመታት ዳሽካም (መኪና መስታወት ላይ የሚሰቀል ካሜራ) ስለተጠቀምኩ ነው ወዳጄ ወደ እኔ የመጣው። በነዚህ ዓመታት ማስታወቂያው ሁሉ የሚቆጥረው የምስል ጥራትን ነው፤ 1080፣ ከዚያ 2ኬ፣ ከዚያ 4ኬ። ሰው ለሚያድርበት መኪና ግን ወሳኞቹ ሙቀት፣ ኤሌክትሪክ፣ ኬብልና ካርድ ናቸው። በነዚህ በኩል የመጣው ለውጥ ከምስሉ ለውጥ አይተናነስም፤ የሚያወራለት ግን ጥቂት ነው።

ዓለም ዳሽካምን በደንብ ያወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በዚያ ማለዳ ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን ተወርዋሪ ዓለት በየመኪናው የተሰቀሉ ካሜራዎች ቀርጸውት በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ሩሲያውያን ካሜራውን የሰቀሉት ሰማይ ለማየት አልነበረም፤ ሆን ብሎ መኪና ሥር እየገባ ካሳ የሚጠይቅ አጭበርባሪና ያለ ማስረጃ የማይሰማ ኢንሹራንስ ስላስቸገራቸው ነው። ደቡብ ኮሪያም ቀድማ ለምዳው ነበር፤ እዚያ ስሙ «ብላክ ቦክስ» ነው፣ እንደ አውሮፕላኑ።

የዚያን ጊዜው ካሜራ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ይሰካል፤ ውስጡ ትንሽዬ የሊቲየም ባትሪ አለው። የመጀመሪያዬ እንዲህ ያለ ነበር። አንድ ሐምሌ ከቆመበት ስመለስ ጀርባው አብጦ ክዳኑ ተከፍቶ አገኘሁት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት ሥር ያለው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ያልፋል፤ ያን ሙቀት ሊቲየም አይችለውም። ከ2015 ገደማ ጀምሮ ግን ሻል ያሉት አምራቾች ባትሪውን አውጥተው ሱፐርካፓሲተር ማስገባት ያዙ። ይህ ዕቃ ካሜራውን ለብቻው አያሠራም፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የመጨረሻውን ፋይል ዘግቶ ለማስቀመጥ ለሚበቃ ሰከንዶች ብቻ ኃይል ይይዛል። ሙቀቱንም ብርዱንም ይችላል። ለካምፐር ቫን ካሜራ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ባትሪ ያለበትን በነፃ ቢሰጡኝም አልሰቅለውም።

ምክንያቱም ካምፐር ሌላ መኪና የሌለው ጣጣ አለበት። ማታ ሰው እንዳያይ፣ ቀን ፀሐይ እንዳይገባ የፊት መስታወቱ በሚያብረቀርቅ ወፍራም መሸፈኛ ይዘጋል። ካሜራው በመስታወቱና በመሸፈኛው መካከል ይቀረቀራል። መሸፈኛው ፀሐዩን መልሶ ሲያንጸባርቀው በመካከል ያለው ዕቃ ይጠበሳል። አልፎ ተርፎም ካሜራውን ገፍቶ አቅጣጫውን ያዛባል፤ የወዳጄ የፊት ካሜራ የቀረጸው ሰማይና ቅርንጫፍ የሆነውም ለዚህ ነው። መፍትሔው መቀስ ነው፦ መሸፈኛውን ካሜራው ባለበት ቦታ ቆርጦ ጠርዙን መስፋት።

የምስሉ ነገርም ቢሆን አልቆመም። የሶኒ «ስታርቪስ» የተባለው የምስል መቀበያ ከመጣ በኋላ ሌሊት ታርጋ ማንበብ ተስፋ ያለው ነገር ሆነ፤ ሁለተኛው ትውልድ «ስታርቪስ 2» በ2023 ገደማ ዳሽካሞች ውስጥ በብዛት ሲገባ ደግሞ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ይጠፋ የነበረው ታርጋ መነበብ ጀመረ። ዋጋው ግን ካርዱ ላይ ይከፈላል። በሰከንድ 15 ሜጋቢት የሚጽፍ የድሮ ካሜራ 32 ጊጋባይት ካርድ ላይ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይይዛል። በሰከንድ 60 ሜጋቢት የሚጽፍ ባለ 4ኬ ያንኑ ያህል ሰዓት ለመያዝ 128 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ የኋላው ካሜራ ሳይቆጠር። ስለዚህ ቁጠባው ካሜራው ላይ ይሁን እንጂ ካርዱ ላይ አይሁን፤ ደጋግሞ ለመጻፍ ተብሎ የተሠራውን መግዛት ነው።

በመካከሉ ኮሮና መጣ። ሰው ሆቴል ፈርቶ መንገድ ወጣ፤ በ2021 ብቻ የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ተጎታች ቤቶችንና ካምፐሮችን ጨምሮ ከ600 ሺህ በላይ የመዝናኛ ተሽከርካሪ ለነጋዴ አስረከቡ። ባዶ ጭነት ቫን ገዝቶ በእጁ ቤት የሚያደርገውም በዛ። የዳሽካም ጥያቄ የተቀየረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቫኑ ከሚሄድበት ሰዓት ይልቅ የሚቆምበት ይበልጣልና።

የቆመ መኪና ካሜራ ከየት ይብላ? የተለመደው መንገድ ሦስት ሽቦ ያለው ማገናኛ ነው፦ አንዱ ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ ፊውዝ፣ ሦስተኛው ከመኪናው ብረት። ማገናኛው የባትሪው ቮልት ሲወርድ ካሜራውን ያጠፋል። ለሞተር ማስነሻው ባትሪ ልክ ነው፤ 12.2 ቮልት ላይ ቢቆረጥ ግማሽ ገደማ ይተርፋል፣ ሞተሩ ይነሳል። ካምፐር ግን ለመብራቱና ለፍሪጁ ሌላ ባትሪ አለው፤ ዛሬ በብዙዎቹ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። አምስት ዋት የሚበላ ካሜራ በቀን 120 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል፤ 100 አምፒር-ሰዓት ያለው የቤት ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ ካሜራውን ብቻውን አሥር ቀን ያቆየዋል፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ካለ ሐሳብም የለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚህ የሊቲየም ባትሪ ቮልት እንደ ሞተር ማስነሻው ቀስ እያለ አይወርድም፤ ሊያልቅ እስኪቃረብ 13 አካባቢ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይወድቃል። 12.4 ላይ እንዲቆርጥ የተደረገ ማገናኛ የሚቆርጠው ባትሪው ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ቁጥሩን ማመን አያዋጣም፤ ካሜራውን በሰዓት ገደብ ማጥፋት፣ ወይም የባትሪውን መቶኛ በሚያነብ መቆጣጠሪያ በኩል ማሳለፍ ይሻላል። ሁልጊዜ ኃይል የሚሰጠውን ሽቦ ከቤቱ ባትሪ፣ የቁልፉን ሽቦ ከመኪናው ፊውዝ ሳጥን መውሰድ ይቻላል፤ ሁለቱ ባትሪዎች ኔጋቲቫቸውን በመኪናው ብረት የሚጋሩ ከሆነና እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ፊውዝ ካለው።

ኬብሉን መዘርጋት ቀን ይፈጃል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የኋላ ኬብል ብዙ ጊዜ ስድስት ሜትር ነው፤ ረጅሙ ስፕሪንተር ቫን ራሱ ከሰባት ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ኬብሉ ደግሞ ጣሪያ ወጥቶ፣ ቁም ሣጥኑን ዞሮ፣ በበሩ ማጠፊያ ጎማ ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሰው። ከአሥር ሜትር በታች አልገዛም። ግድግዳው በእንጨት ሳይለበጥ ቢዘረጋ እንዴት ጥሩ ነበር። ፊት ለፊት ያለው የጎን ምሰሶ ሽፋን ሲነቀል ደግሞ እጅ አይቸኩል፤ በብዙ ቫኖች ውስጡ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአየር ከረጢት አለ። ሽቦው ከከረጢቱ ጀርባ፣ ከመኪናው የራሱ ሽቦ ጋር ይታሰር። ከፊቱ ካለፈ ከረጢቱ ሲፈነዳ ሽቦውን ሰው ላይ ይወረውረዋል።

ሕጉን ሳያዩ ድንበር መሻገርም አይገባም። ካሊፎርኒያ በመስታወቱ ላይ የሚፈቀደውን ቦታ በኢንች ለክታለች። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በሜይ 2018 የዳሽካም ምስል ለአደጋ ክርክር ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል፤ ያለማቋረጥ መቅረጽ ግን የግል መረጃ ሕግን ይጥሳል ብሏል። ጎረቤቷ ኦስትሪያ ከዚህ ትጠብቃለች። እኛ ሰፈር ደግሞ ጣጣው ድምፅ ነው፦ ቨርጂኒያና ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ሲበቃቸው ሜሪላንድ የሁሉንም ትፈልጋለች። ከዲሲ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመግባት አንድ መንገድ መሻገር ነው።

አዲሱ ነገር የቆመውን ቫን ከሩቅ በስልክ ማየት ነው። ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ይህ ሕልም ነበር፤ ስታርሊንክ በሜይ 2022 ለካምፐሮች አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ይቻላል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ በራዳር የሚነቃውን ካሜራ እመርጣለሁ። ሰው እስኪቀርብ ድረስ ተኝቶ በትንሽ ኃይል ይቆያል።

የወዳጄን ቫን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሠራንበት። የኋላውን ካሜራ ከኋላው ጥቁር መስታወት ውስጥ አውጥተን ውጭ በሚሰቀል፣ ውኃ በማያስገባ ተካነው። ሲቆም የሚሠራውን የግጭት ስሜት ወደ ዝቅተኛው አወረድነው። ባለቤቱ ማይክሮፎኑ እንዲዘጋ አዘዘች፤ የምተኛበት ቤት ነው አለች፣ ትክክል ናት። አልጋው አጠገብም የካሜራውን ማጥፊያ አደረግንላት።

ሲመሽ ሞከርነው። ወዳጄ አልጋው ላይ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ተገላበጠ፤ ቫኑ ተወዛወዘ፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ፣ ምንም የለም። ደግሞ ተገላበጠ፤ ምንም። ከዚያ ወረደና ከኋላ ዞሮ የተጨፈለቀውን ፓራውልት በቡጢ መታው። ቀዩ መብራት በራ።